የኤሊን ገመድ ያልሰካሁበት ክረምት

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆች 2015 ማለቂያ፣ እስራኤል አገር ክረምት ሲገባ በሚከበረው የመብራት በዓል፣ በሐኑካ ሰሞን ነው። ያለቀው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት፣ በፔሳሕ፣ በቂጣው በዓል ዋዜማ። አሁን አሁን ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ልጆቼ ናቸው የሚነግሩኝ። ይህን ግን አልረሳሁትም። በዕድሜዬ ሰውን አስቤበት፣ ሳምንት እየቆጠርኩ የተበቀልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በቀሌ የት ገብቶ እንደቀረ ደግሞ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ስለሆነ አጻጻፌን አትታዘቡኝ። በፈረንጆች 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ወዲህ በጉልበት ሥራ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መዋል ሰለቸኝና በቂርያት ዔቅሮን በኩል ካራቫን የሚያቆሙበት ግቢ ጥበቃ ገባሁ። ጊዜው በጋ ነበር።

ካራቫን የምላችሁ መኪና ከኋላው የሚጎትታት፣ በጎማ የምትሄድ ትንሽ ቤት ናት። ሰዎቹ ለበዓል ይዘዋት ይወጣሉ፤ ሌላውን ጊዜ እኛ ጋ ትቆማለች። ቆማ ስትውል ታዲያ ባትሪዋ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰዓቱም፣ የጋዝ መጠቆሚያውም ቀስ እያለ ይመጥጠዋል። ባትሪ ባዶውን ከከረመ ደግሞ ይሞታል፤ ኋላ ቢሞሉት አይመለስም።

የግቢው ባለቤት አቪ ይባላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉንም ካራቫን ባንድ ጊዜ መሙላት ስለማይችል ቀን ከፋፈለልኝ፤ ለያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ቀን። የመጨረሻው ረድፍ ዓርብ ደረሰው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ገመዳቸውን ሰክተህ እሑድ ጠዋት ትነቅላለህ አለኝ። ቤሰደር፣ እሺ አልኩት።

በዚያ ረድፍ አምስት ካራቫኖች ቆመዋል። ትልቁና ነጩ የኤሊ ነው። ኤሊ እንደኔው ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሿ የሩት ናት። ሩት ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን፣ በመጣች ቁጥር ብርቱካን ይዛልኝ ትመጣለች፤ ስለ ጉልበቴም ሳትጠይቀኝ አትሄድም።

በሐኑካ ኤሊ ሊወጣ መጣ። መብራቱን ቢጫን ዝም፣ የውሃውን ቢሞክር ዝም። ባትሪው አልቋል። አቪን አስከትሎ እየጮኸ ወደ ጥበቃ ክፍሌ ገባና የሻይ ማፍያዬንና ሬዲዮዬን አየ።

«ይህ ሽማግሌ በኔ ባትሪ ነው ሻይ የሚያፈላው» አለው አቪን።

የማፍያዬ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይታያል። ግን ማን አይቶት። ቦርሳዬን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ምን ሊያገኝ እንዳሰበ እንጃ። የወጣው የጸሎት መጽሐፌ፣ የደም ግፊት ኪኒኔና አንድ ጥንድ ካልሲ ነው። ካልሲው ተንከባሎ መሬት ወረደ።

ቀና ስል የልጅ ልጄ ሺራ በሩ ላይ ቆማለች። ወታደር ናት። ያን ቀን እረፍት አግኝታ፣ ከባቡር ጣቢያው በቀጥታ ልታየኝ መምጣቷ ነበር። ሁሉንም አይታለች።

«ሳባ፣ ለምን ዝም ይላሉ? ይንገሩት እንጂ» አለችኝ። እዚህ እኛን ወንድ አያቶችን ሳባ ነው የሚሉን።

ዕብራይስጤ ለሰላምታና ለሥራ ይበቃል፤ ለጠብ አይበቃም። አቪ ኤሊን አባብሎ፣ ሌላ ባትሪ ሊሰጠው ይዞት ወጣ። ሺራ ጎንበስ ብላ ካልሲዬን አነሳች፣ አጠፈች፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። እኔን ላለማየት ብላ ካልሲውን ስታጥፍ ቆየች። የቆረጠኝ እሱ ነው።

ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ወሰንኩ። አልጮህም፣ አልሳደብም፣ ድንጋይ አላነሳም። የኤሊን ገመድ ግን ከእንግዲህ አልሰካም። ባትሪውን ሌባ ወሰደው ካለ፣ እንግዲያው ባትሪ ሲሞት ምን እንደሚመስል ይየው።

ከዚያች ዓርብ ጀምሮ እንደዚያው አደረግሁ። የአራቱን እሰካለሁ፤ ቀይ መብራታቸው በራ በራ ይላል። የኤሊን አልፈዋለሁ። ሳልፍ በመዳፌ ጎኑን መታ አድርጌ «ጠማህ? ቆይ፣ ገና ነው» እለው ነበር። እንደዚያ ብዬ አላውቅም፤ ለከብት እንኳ ክፉ ቃል የለኝም። ደስ አለኝ። ዝናብ የጣለ ዓርብ ገመዱ ጭቃ ላይ ወድቆ ሳገኘው አነሳሁት፣ ጠረግሁት፣ በደንብ ጠምጥሜ ሰቀልኩት። ሳልሰካው። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሌሎቹን ነቅዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ ለቅዳሜ ሰንበት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ከረምኩ። ከረድፉ ባለቤቶች ብቅ ያለ አልነበረም።

የፔሳሕ ዋዜማ ደረሰ። ሁሉም የሚወጡበት ቀን ነው። ጠዋት ጢሜን ተላጨሁ፤ ለሠርግ የማደርጋትን ጃኬት ለበስኩ። ለበዓሉ እረፍት የመጣችውን ሺራን ምሳ አምጪልኝ አልኳት። ምሳው ሰበብ ነው፤ ቦርሳዬ ሲዘረገፍ ያየች ልጅ ይህንንም እንድታይልኝ ነው። በሰዓቱ መጣች።

ኤሊ ገባ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ዝም። ደገመ። ዝም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በሩን ተደግፌ አየሁት።

ወዲያው ሩት ከራሷ ካራቫን ወጣች። የሷም አልበራም። «ልጆቹ መኪና ውስጥ ናቸው፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሦስተኛው ሰውዬ ሞከረ፣ እምቢ አለ። አራተኛውም፣ አምስተኛውም። እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

ኤሊ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየና ወደኔ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ።

«አምስቱም ሞተዋል» አለ ሁሉም እየሰማ። «እንግዲህ መስመሩ ነው የተበላሸው። አንተ ባትሪዬን አልነካህም። ስሊሃ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጨበጥኩት። ምን ላድርግ። ሺራ ፊቷ ፈካ። «አዩ ሳባ?» አለችኝ በጆሮዬ።

ሰዎቹ አቪ ከጓዳው ባወጣላቸው ባትሪ ከሄዱ በኋላ፣ አቪ መስመሩን ሞከረው። ምንም አልሆነም። መቼ ሰክቼ መቼ እንደምነቅል ጠየቀኝ። ነገርኩት። እየነገርኩት ነገሩ ለኔም ግልጽ ሆነልኝ።

አባቴ፣ ጎንደር ገጠር ሳለን፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን በውሃ ያጠፋ ነበር። አንዲት ፍም አያስቀርም። ሰንበት እሳት በሌለበት ቤት ነበር የምትገባው። እዚህ አገር ሰው መብራቱን አብርቶ ይተወዋል፤ ልጆቼም እንደዚያው ያደርጋሉ፣ ዝም እላለሁ። በገዛ እጄ የሰካሁት ቀይ መብራት ሰንበትን ሙሉ ሲበራ ግን ሆዴ አልቻለም። እሑድ ጠዋት ንቀለው የተባልኩትን ዓርብ ነቀልኩት። በበጋ ዓርብ ረዥም ነውና ነገሩ አልታወቀም። በክረምት ግን ፀሐይዋ ቶሎ ትገባለች፤ ሳምንት ሙሉ የተመጠጠውን በሦስት ሰዓት ውስጥ ምን ሊሞላው።

አቪ ሳቀ። «ያላ፣ በል እንግዲህ፣ የመጨረሻው ረድፍ ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ነው» አለ። የኤሊን ገመድ ጭራሽ እንዳልሰካሁት ግን ለሱም አልነገርኩትም።

እንግዲህ በቀሌ ይህ ነው። ብርቱካን የምታመጣልኝን ሴትዮና ቦርሳዬን የዘረገፈውን ሰውዬ አንድ አደረግኋቸው። ገመዱን ብሰካለትም ባልሰካለትም ባትሪው ያው ሟች ነበር። በሐኑካም የገደልኩት እኔው ነኝ፤ በስርቆት ሳይሆን በሰንበት።

ለሩት በሚቀጥለው ስትመጣ የሰንበቱን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ብርቱካኑም አልቀረብኝም። ዛሬም ሳስባት አፍራለሁ።

ለኤሊ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አላዝንም። ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ። አንዳንዴ ገበያ ላይ ያገኘኛል፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንዴት ነህ ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ። ይቅርታ የጠየቀኝ ስለ ባትሪው ነው። ስለ ቦርሳዬ፣ ሺራ ከመሬት ስላነሳችው ካልሲ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም። እሱን የጠየቀኝ ዕለት እኔም ስለ ገመዱ እነግረዋለሁ።