ወንድሜ ከቅዳሴ ለምን ቀረ?

ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ድሬዳዋ

ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት። ነጠላ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ከሚያስፈልገኝ በላይ የሆድ ከረጢት። ድሬዳዋ ሳይነጋ ይሞቃል፤ የባጃጁ ሹፌር ሸሚዙን ከፍቶ ነው የሚነዳው።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች ልንገራችሁ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዞኝ ታክሜአለሁ፤ አሁን ክትትል ላይ ነኝ። የታመመው አንጀቴ ተቆርጦ ወጥቷል። ሰገራዬ የሚወጣው ሆዴ ላይ በግራ በኩል በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ በላዩ ከረጢት ይለጠፋል። ይህን ማንበብ የሚከብደው ሰው ገጹን ይግለጥ፤ አልቀየመውም። ሊገድለኝ የነበረው ግን ይኸው ማፈር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም እያየሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስዞር አንድም ሐኪም ጓንት አጥልቆ አልመረመረኝም። "ኪንታሮት ነው" እየተባልሁ ቅባት ስቀባ ከረምሁ።

አውሮፕላን ጣቢያ የፈታሿ እጅ ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አንጀቴ ነው።"

"እ?"

"አንጀቴ ነው፣ እህቴ። ለብቻችን ሆነን ላሳይሽ?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ልጅቱ ደንግጣ "ይለፉ፣ እማማ" አለችኝ። እማማ! ገና አርባ ስድስቴ ነው።

የምሄደው ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ተወለድሁበት ወደ ዘጌ ነው። ያስነሣኝ እናቴ በስልክ ጣል ያደረገችው ወሬ ነው። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው አውርታኝ ስታበቃ "ወንድምሽ ከቅዳሴ ቀርቷል" አለች። "ቄስ ሆኖ እንደ ሰው ከደጅ ቆሞ ነው የሚያስቀድስ። ሰው ብዙ ያወራል።"

"ከስቷል?" አልኋት።

"ጾም ነው ይላል።"

የጾም ወቅት አልነበረም። ስልኩን ዘግቼ ትኬት ቆረጥሁ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፤ ባሕር ዳር

መንገዱ ክፍት ነው፣ ዝግ ነው የሚለው ወሬ በየቀኑ ስለሚገለባበጥ በአዲስ አበባ በኩል በአየር ነው የመጣሁት። ዘንባባዎቹ በየመንገዱ ዳር እንደቆሙ ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ገብቼ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝሁ፤ ቆዳው የሚንኮሻኮሽ፣ በቃሪያና በሎሚ የቀረበ። ከግማሹ በላይ አልበላሁም። ሰው ከተማን በመናፈሻው ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ውሃ ባለው መጸዳጃ ቤቱ ነው።

"ቁልፉ ባለቤቷ ዘንድ ነው" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ባለቤቷስ?"

"ለቅሶ ሄዳለች።"

ከነቁልፉ! እስክትመለስ መጠበቅ አልችልም፤ ከረጢት ቀጠሮ አያውቅም። ሁለት ቤት አልፌ አንዲት ፀጉር ሠሪ ባልዲ ሙሉ ውሃ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችም። ሐይቅ የሚያህል ውሃ አጠገቡ ያለ ከተማ፣ ለታመመ ሰው አንድ ባልዲ በልመና!

ዓርብ ጠዋት፤ ጣና ላይ

ጀልባዋ ጥቂት ሰው ይዛለች፤ ጨው፣ ሳሙና፣ አንዲት የታሰረች ዶሮ። ከዳር የእምቦጭ አረሙ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ተኝቷል።

"ዘጌ ዘመድ አለሽ?" አለኝ ጀልባ ነጂው።

"የቄስ ጌታሁን እህት ነኝ።"

የሞተሩን ድምፅ ቀነሰው። "ውይ! የድሬዋ እህቱ ነሽ? እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

"ምነው፣ ሞተ እንዴ?"

"ኧረ እሱስ አልሞተም። ክህነቱ ነው እንጂ።"

ዶሮዋን የያዘችው ሴት ሳትጠየቅ ገባችበት። "ባሕር ዳር፣ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ተማሪ አስቀምጧል ይላሉ። ቤት ተከራይቶላት።"

"ማን ነው የሚል?"

"ሰው ነዋ!"

"ሰው ስም የለውም?"

"አይ እንግዲህ፣ እኔ ምናገባኝ" ብላ ወደ ዶሮዋ ዞረች።

ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ካህን ከሆነ አይቀድስም። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። እኔም በነዚያ ሁለት ዓመታት ከደጅ ቆሜ ነው ያስቀደስሁት፤ ቁስሌ ድኖ የንስሐ አባቴ "አሁን ግቢ" እስኪሉኝ ድረስ። ታዲያ ቄስ ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ ከደጅ ሲቆም "ደም ይሆን?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ይጥፋ? ሴት ለመፍጠር የሚፈጥነው አሳባችን ለበሽታ ሲሆን የሚደነዝዘው ለምንድን ነው? ቁጣ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ እናገረዋለሁ፤ መጀመሪያ ይብረድልኝ።

ዓርብ፣ ረፋድ ላይ፤ ዘጌ

ከወደቡ ሽቅብ ያለው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ጌሾ አስጥታ እያገላበጠች አገኘኋት። አቅፋ ስማኝ ስታበቃ ጓሮውን በአገጯ አመለከተችኝ።

ጌታሁን ግንድ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው ሰፍቶታል። ሊስመኝ ተነሣ እንጂ መስቀሉን አልዘረጋልኝም።

"መስቀልህስ?"

"ኪሴ ውስጥ ነው።"

"ደሙ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። እኔም ከደጅ ቆሜ አውቃለሁ።"

"ከፍልሰታ ጀምሮ ነው፣ እታለም።"

"ለምን አልተናገርህም?"

"ምን ብዬ? ቄስ ሰው መሀል ቆሞ መቀመጫዬ ይደማል ይበል?"

"ሴት አለችው ከሚሉህ?"

"እሱ ውሸት ነው። ይሄ ግን እውነት ነው፤ የሚያሳፍረው እውነቱ ነው።" ባለቤቱ የሺም ወሬውን እውነት ብላ መሸንቲ፣ አባቷ ቤት ገብታለች። እሷን ለመመለስ እንኳ አፉን አልከፈተም።

"እኔ ስታመም በእማ የላክሁብህን መልእክት አልነገረችህም?" አልሁት። "ሐኪሞቹ ወንድምሽም ይመርመር ብለውኛል፤ ንገሪው ብዬ።"

"ጨጓራዋን ታማ ተቀደደች ነው ያለችኝ።"

ወደ ደጅ የወጣሁበትን አላስታውስም። እናቴ ፊቴን ስታይ ጌሾውን ተወችው።

"እማ፣ ነገርሁት ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬሽ ነበር።"

"ለምን?"

"ያ በሽታ በዘራቸው አለ ከተባለ የጌታሁንን ሴቶች ልጆች ማን ያገባቸዋል?"

"አባት የሌላቸው ሲሆኑስ ማን ያገባቸዋል?"

ወደ ጌሾዋ ተመለሰች። የሠራችልኝን ሽሮ በላሁ፤ ከቁጣ ጋር ስለዋጥሁት ጣዕሙን አላውቀውም።

ሰኞ፤ ፔዳ አካባቢ፣ ባሕር ዳር

ክሊኒኩ በተማሪ ተሞልቷል። ጌታሁን ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ አላፊው ሁሉ ሊሳለም ይመጣና መስቀል ሲያጣ ግር ብሎት ይሄዳል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የወንድሜን ነገር እየጻፈ ሰማና ቀና ሳይል "ኪንታሮት ነው፣ አባ" አለ። "የሚቀባና የሚዋጥ አዝልዎታለሁ። ጎመን ይብሉ፣ ውሃ ያብዙ።"

ጌታሁን እፎይ ብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እያለ ተነሣ።

"ተቀመጥ" አልሁት። ወደ ሐኪሙ ዞርሁ። ስናደድ አንቱታ ይበረታብኛል። "ዶክተር፣ አይተውታል?"

"ምልክቱ የታወቀ ነው፣ እናቴ። ውጭ ስንት ሰው ተሰልፏል።"

"የእኔም የታወቀ ነበር።"

ሹራቤን ገለጥሁ። ከሐኪሞቼ በቀር ለማንም አሳይቼው አላውቅም፤ ወንድሜ እንኳ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

"ይኸውልዎ የታወቀው። ይሄ ሰው የእናቴ ልጅ ነው። ወይ ይመርምሩት፣ ወይ 'ሳላየው ኪንታሮት ነው ብያለሁ' ብለው ይፈርሙልኝ።"

የጓንቱ ካርቶን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነበር፤ ገና አልተቀደደም። ሐኪሙ ተመለከተኝ፣ ከረጢቴን ተመለከተ፣ ካርቶኑን ቀደደው። እኔ ውጭ ቆየሁ። ሲጠራኝ ፊቱ ሌላ ነበር።

"በጣቴ የሚነካ እብጠት አለ። አንጀቱ በካሜራ መታየት አለበት፤ ኮሎኖስኮፒ ይባላል። አሁኑኑ እጽፍላችኋለሁ።" ከዚያም ዝግ ብሎ፣ "በቤተሰብ እንዳለ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ…"

"ቀድመው ቢጠይቁን" አልሁት።

ደጅ ወጥተን ጌታሁን ለየሺ ደወለ። ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሴት አይደለም፣ የሺ። ደም ነው። ከአንጀቴ።" የሷ ድምፅ ለእኔም ይሰማል፤ "ደም ብቻ? እውነትህን ነው? ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!" እያለች ታለቅሳለች። ባሏ ታመመ ተብላ ተመስገን የምትል ሚስት! ወሬኛ እዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰን።

ረቡዕ፤ ባሕር ዳር

ከምርመራው በፊት አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ይጠጣል፤ እህል የለም። ጌታሁን ያለ እህል ውሃ አክፍሎት የለመደ ሰው ነው። "ይሄስ ቢያንስ የሚጠጣ አለው" ብሎ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀልኝ። የሺ ከመሸንቲ በጠዋት ደርሳ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ጽዋውን በሞላች ቁጥር "ጨርሰው፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል" ትለዋለች።

በካሜራ ያየችው ሐኪም ሁለት እባጭ አገኘች። ትንሹን እዚያው አወጣችው። ከትልቁ ናሙና ወሰደች፤ "ይሄኛው በኦፕራሲዮን ነው። ውጤቱ ሳይመጣ ስም አልሰጠውም፤ እባጩ ግን አንጀቱን ገና አልዘጋውም" አለች። ከዚያ እኔን አይታ "እናት አባት አሏችሁ?"

"አባታችን ዐርፏል። እናታችን ዘጌ ናት።"

"ትምጣ።"

ቅዳሜ ጠዋት፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር

የመልስ በረራዬ ዛሬ ነው። ትናንት ዘጌ ተመልሼ ሐኪሟ ያለችውን ለእናቴ ነግሬአት "ይሁን" ብላኝ ብቻ ነበር። ወደብ ስደርስ ጫማ አድርጋ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

ያው ነጂ ነው። "እማማም ወጡ! ቄሱስ እንዴት ሆነ?"

"ልጄ አንጀቱን ታሞ ነው፤ ደም ነው ከደጅ ያቆመው" አለችው፣ ጀልባዋ ሁሉ እስኪሰማ። "ሴት የለውም። ለሰው ሁሉ ንገር፤ አንተ ከሬዲዮ ትፈጥናለህ።"

ሰው ሳቀ። ነጂው ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። መሀል ሐይቅ ስንደርስ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

"እማ፣ አንችስ ደም ታያለሽ?"

ውሃውን እያየች "አያለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንች ሳትታመሚ በፊት።"

ልጮህባት አፌን ከፈትሁ። እጇ እጄን ፈልጎ ያዘው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሷ ሁልጊዜ ከዋርካው ሥር የምትቀረው፣ "እግሬን ያመኛል" የምትለው፣ ያን ጊዜ ገባኝ። የእሷንም ከደጅ መቆም የጠየቀ የለም። እኔም ጭምር።

በረራዬን ከባጃጅ ላይ ሆኜ አራዘምሁት።

ክሊኒኩ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ወጣቱ ሐኪም በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ትከሻው ወረደ። "ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣሽ?"

"እናቴን።"

ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ወደ እኔ ዞሮ "ምን ሆነች?" አለ። እናቴም እንድናገርላት ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ልናገር ነበር፤ ተውሁት።

"ራሷ ትንገርዎት።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ሐኪሙ እየጠበቀ እጁን ወደ ጓንቱ ካርቶን ዘረጋ።

"ደም ነው፣ ልጄ" አለችው። "ብዙ ዘመኑ ነው።"