ያልነካው ደብዳቤ

ባለመጋዙ ጸሐፊውን ማጅራቱን ይዞ ከግንድ ክምሩ ጋር ሲያላትመው ደብዳቤው ሰጋቱራ ላይ ወደቀ። ደገመው። የጸሐፊው ቅንድብ ተተረተረ።

«እጄን ሳታስነካ ይዘህልኝ ተመለስ።»

ባለመጋዙ በዚህ የእንጨት መሰንጠቂያ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። መጋዙ ሁለት ጣቶቹን ስለበላበት «ስምንቴ» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ አቤት ይላል። አሁን አንድ ሰው ብቻ የሚበቃው አዲስ ማሽን መጣና ትርፍ ሆነ። የሚኖርባት ክፍል የድርጅቱ ናት፤ ሥራው ሲያበቃ ቁልፍ ያስረክባል። ሚስቱ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ደብዳቤውን እንዳይነካ የመከረው የሚስቱ ወንድም፣ የግቢው ዘበኛ ነው። የስንብት ማስጠንቀቂያ ተጽፎ በእጅ ካልተሰጠ አይጸናም ሲባል ሰምቶ ነበር። የሰማው ልክ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሰማም።

የቀረውን የተናገረው ጸሐፊው ነው፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ።

«ጋሼ፣ አልቀበልም ላለ ሰው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አሥር ቀን ከቆየ እንደተቀበልክ ይቆጠራል።»

ለአለቃው ግን ግንድ መታኝ አለ።

ከሰዓት ተለጠፈ። ስምንቴ ቀደደው። በነጋታው ተለጠፈ፣ ተቀደደ። ማን ነው ሲባል ሠራተኛው ሁሉ ነፋስ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘበኛውን ከነዱላው ሰሌዳው ስር አቆመው።

«ዞር በል፣ አማቼ።»

«መጀመሪያ አንብበው እስቲ።»

«አትንካ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ስምንቴ አፉን በቡጢ ሲለው ዘበኛው ሁለት የፊት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ። ዱላውንም አሳረፈበት። የስምንቴ ግራ ክንድ እንደ ደረቅ ጣውላ ቀጭ አለ። ስምንቴም በቀኙ ጉሮሮውን አንቆ ጣለው፣ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ ፊቱ እስኪጠፋ ደበደበው። አራት ተሸካሚዎች ጎትተው አላቀቋቸው።

ወረቀቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ስምንቴ መሬት ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እስከዚያ ሥራውም ክፍሉም የእሱ ነው ይላል። ሚስቱ እዚያው ወልዳ ትነሣ ነበር።

በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ። በሥራ ቦታ ሰው ደብድቦ ያቆሰለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል ይላል። ይኼን በደህናው እጁ ተቀበለ።

ልጁ የተወለደው በዘበኛው ቤት ነው።