አየርላንድ የቀረ ስለት

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ወይስ ጥቅምት ማለቂያ ላይ? ለሰው ሳወራ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት» ማለት ለምዶብኛል። ግን ሐምዲያ ከምትሠራበት ቤት የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፤ የዚያ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ሰኞ ነው የዋለው። ማስታወሻ ደብተሬ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ከነበረችው ክፍሌ ጋር በሱዳኑ ጦርነት ስለ ቀረ የማመሳክርበት ነገር የለኝም። ቀኑ ይቅር። ሰዎች ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ መንገዱን ሞልተውት ሳለ እሷ በመካከላቸው እየተሽሎከሎከች ስትመጣ፣ በብብቷ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት እንደያዘች ግን አሁንም ይታየኛል።

«ኡስታዝ፣ ይችን ይሙሉልኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ወደ አየርላንድ ልመለስ ነው፣ ኢንሻላህ።»

የአገራችንን ልጆች ስለማስተምር እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ይኼኛው የቪዛ ማመልከቻ ነበር።

ሐምዲያ የወሎ፣ የወረባቦ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ጀብራ በሚባለው ሰፈር፣ ዶክተር ተውፊቅ የሚባል ሱዳናዊ ሐኪም ቤት መንታ ልጆች ታሳድጋለች። ዶክተሩ ድሮ አየርላንድ ሠርቷል፤ ወንድሙም እዚያ ይኖራል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቤተሰቡን ይዞ ለአንድ ወር ሲሄድ እሷንም ለልጆቹ ብሎ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ዴም ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ምግብ ቤት ያላት ዘርፈሽ ገና ከሩቅ ስታያት «አየርላንድ መጣች!» ትላለች።

«አንቺ፣ እግር አልነበረሽም? እኔን ከአየርላንድ የሚያስወጣኝ ክሬን ብቻ ነበር!»

«የሰው ልጅ አደራ ይዤ መንገድ ላይ ጥዬ ልጥፋ?»

«ልጆቹማ አባት አላቸው። አንቺ ነሽ ማንም የሌለሽ።»

ሐምዲያ እንዲህ ስትባል ትስቃለች።

ነገሩ ሁሉ የተጠላለፈው በአንድ ቃል ነው። ዶክተሩ ፓስፖርቷን ሲያስመታላት ቪዛው የዚያራ ነው አላት። በዐረብኛ አክስትን መጠየቅም፣ ሙዚየም ማየትም ዚያራ ነው። የወሎ ልጅ ግን ዚያራ ስትባል የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሸሆቹ ቦታ በባዶ እግር፣ ልብ ውስጥ አንድ ጭንቀት ይዞ መሄድ። ጭንቀት ደግሞ ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ዛኪር ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ሻሽና መቁጠሪያዋን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች።

የደረሰችበት አገርም አላረማትም። በየቀኑ በመኪና ይወስዷቸዋል፤ የሚያሳዩአቸው ጣራው የወደቀ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ሣር የበቀለበት፣ ዙሪያው መቃብር የሆነ። ሰው በዝግታ ይራመዳል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ቆሞ ከሰሌዳ ላይ ያነባል። ታዲያ ይህ ዚያራ ካልሆነ ምንድን ነው? አንዱ ፍርስራሽ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ በዝናብ ሣር ውስጥ ስትገባ ማዳሟ፣ የዶክተሩ ሚስት፣ ጮኸችባት። ከዚያ በኋላ መንታዎቹን ይዛ መኪና ውስጥ እንድትቀር ተደረገ።

«እንግዲህ እኔ በመስኮት ነው የዘየርኩት» አለችኝ። «ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ገደል ወሰዱን። ጉም ነበር። ሰዉ ሁሉ ጉሙን ፎቶ ያነሳል።»

«ቤተ መንግሥት አላየሽም? ታሪኩን የሚነግር ሰው አልነበረም?»

«ልጅየው ሽንቴን ይላል፣ ልጅቷ ራበኝ ትላለች። ማን ታሪክ ይነግረኛል?»

ታሪክ ተምሬያለሁ። እነዚያን ቦታዎች በሥዕል ብቻ ስመኛቸው ነው የኖርኩት፤ ያየች ሰው አጠገቤ ተቀምጣ የምታስታውሰው የበግ ነገር ብቻ መሆኑ ያበሽቀኝ ነበር። ኮረብታው ሁሉ በግ ነው ትላለች፤ ጀርባቸው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ባለቤቶቹ የየራሳቸውን ለመለየት የሚቀቡት እንደሆነ ነገርኳት።

«እኔ ለስለት የተለዩ መስለውኝ» አለች። «ይኼን ሁሉ የተሳለ አገር ምንኛ ቢጨንቀው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።»

ታዲያ አንድ ቀን መንገዱ ሲጠማዘዝ ወንዱ ልጅ አስመለሰውና ቆሙ። ልታጥበው ወደ ታች ስትወርድ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ውኃ አገኘች። በላዩ አንድ እሾሃም ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ጨርቅ ታስሮበታል። ሪባን፣ ክር፣ የሕፃን ካልሲ ሳይቀር። ሐምዲያ እንዲህ ያለ ዛፍ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ አሰረችና «የዛኪርን ድምፅ ካሰማኸኝ እዚሁ መጥቼ ሙክት በግ አርዳለሁ» ብላ ተሳለች። ማዳሟ ከላይ ሆና «ሐራም! ምን እያደረግሽ ነው?» እያለች ነበር።

ካርቱም በገቡ በሦስተኛው ቀን ዛኪር ደወለ።

ስለቱ ሰመረ፤ ጭንቀቱም ከዚያ ጀመረ። ዛኪር አሁን ባሕሩ ዳር ሆኖ ጀልባ ይጠብቃል። «የተሳልኩት ሳይገባ ባሕር ላይ ቢወጣስ?» ትላለች። «የተሰጠ ነገር ይወሰዳል እኮ፣ ኡስታዝ።» ዶክተሩን ደጋግማ ለመነችው። ዘንድሮ አንሄድም አላት። የቦታውን ስም እንኳ ብትጠይቀው «ልጁ ያስታወከበትን ቦታ ነው የምትይኝ? እንዲህ ያለ ምንጭ እዚያ አገር ሺህ አለ» ብሎ ሳቀ።

ወረቀቱን መሙላት ጀመርን። የጉዞው ዓላማ የሚለው ላይ ስደርስ «ታሪካዊ ቦታዎችንና የተፈጥሮ መስህቦችን መጎብኘት» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩላት።

«ያን አልልም። ስለት አለብኝ ብለው ይጻፉ።»

«ሐምዲያ፣ እንደዚያ ብዬ ብጽፍ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። ውሸት ግን አይደለም።»

«ጉብኝትም ውሸት አይደለም። ትሄጃለሽ፣ ታያለሽ፣ ትመለሻለሽ።»

«አንቱ አያውቁትም እንጂ፣ እኔ ድጋሚ ድንጋይ ለማየት አልሄድም።»

እኔ አሸነፍኩ፤ የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ። ግን የሚጎበኙ ቦታዎች ስምና አድራሻ የሚል ጥያቄ ነበረ። ሦስት ዓርብ ሙሉ ዘርፈሽ ቤት ተቀምጠን በስልኬ የምንጭ ሥዕል እያወጣሁ አሳየኋት። «ይኼ ነው?» «አይ፣ ዛፉ ጎባጣ ነው።» «ይኼስ?» «ውኃው በግራ ነው።» ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ሥዕሉ ግማሹ ይቀራል። ምሳ የሚበሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይመርጡልናል። በመጨረሻ ታከተኝና መጻሕፍት የሚያወድሷቸውን ሦስት ቦታዎች ጻፍኩ፤ የሞኸርን ገደል፣ የግሌንዳሎክን ገዳም፣ አንድ ግንብ። ስማቸውን አስጠናኋት። «ግሌን…» ትልና ምላሷ ተጠላልፎ ትስቃለች። እኔ አልስቅም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወረቀት የሚቀበሉት ቢሮ ጠሯት። ዓርብ መጥታ የሆነውን ስትነግረኝ ጭንቅላቴን ይዤ ነው የሰማኋት። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ በዐረብኛ ማን ዘንድ ነው የምትሄጂው ብላ ጠየቀቻት።

«ሸህ ዘንድ ነው አልኳት።»

«ሐምዲያ!»

«ስሙስ አለችኝ፤ አላውቀውም አልኩ። አድራሻው አለች፤ ከዛፍ ሥር አልኩ። በሕይወት አለ ወይ አለች፤ መሞቱንማ ሞቷል አልኩ።»

«ያስጠናሁሽስ? ገደሉስ? ገዳሙስ?»

«ስለት ላደርስ እየሄድኩ በሐሰት ልጀምረው?»

ዘርፈሽ ከምድጃው ጋ ሆና እስኪያስላት ሳቀች። እኔ ግን ተቆጣሁ። ሁለት ወር የደከምኩበትን በአንድ ትንፋሽ አፈረስሽው አልኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ «አልቀየምዎትም፤ አንቱ ለእኔ ብለው ነው» አለች፤ ይህ ከስድብ በላይ አሳፈረኝ።

የካቲት ላይ መልሱ በኢሜይሌ መጣ። የጉዞው ዓላማ አላሳመነንም ይላል። በሁለት ወር ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። በዚያኑ ሳምንት ዓርብ ልነግራት ዘርፈሽ በር ላይ ስጠብቃት ከኋላው ክፍት የሆነ መኪና መጥቶ ቆመ። ሐምዲያ ከላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የታሰረ ሙክት በግ አለ።

«አየርላንድ! በጉስ ቪዛ አገኘ?» አለች ዘርፈሽ።

ሐምዲያ አልሳቀችም። ዐይኗ አብጧል። «ዛኪር ትናንት ደወለ» አለችኝ ወደ ታች ጎንበስ ብላ። «ነገ ወይ እሑድ ይጫናሉ።»

«እምቢ ብለዋል። ግን ይግባኝ አለ፣ ሁለት ወር…»

«ሁለት ወር!» አለች። «ባሕሩ ሁለት ወር ይጠብቃል?»

«ታዲያ አሁን የት ልትሄጂ ነው?»

«ኦምዱርማን፣ ዓርብ ዓርብ ዚክር ከሚደረግበት ከሸሁ መቃብር። እዚያ አርዳለሁ። አየርላንድ ላለው ያድርሱልኝ እላቸዋለሁ። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ።»

«አድራሻውን እንኳ ሳታውቂ?»

«አድራሻ የሚጠይቀው ያ ቢሮ ነው። እሳቸው አይጠይቁም።» የበጉን ገመድ አጠበቀች። «ግን ኡስታዝ፣ እኔ የተሳልኩት ‹መጥቼ› ብዬ ነው። ‹እልካለሁ› አላልኩም።»

«ይኼ ይበቃል ብለሽ ታምኛለሽ?» ልላት ወደ መኪናው ጠጋ አልኩ። ሾፌሩ «ያላ፣ ያላ! የኦምዱርማኑ ድልድይ ይጨናነቃል» እያለ ሞተሩን አስነሣ። ሐምዲያ በአንድ እጇ በጉን፣ በሌላው ሻሿን ይዛ ጎንበስ አለች፤ መኪናውም ረክሻ የሚሏቸውን ባጃጆች እየገፈተረ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ።