በአምፖሉ ዙሪያ ያለው ቀለበት

ባሌ «በአምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና አየሁ» ያለኝ ቀን ሳቅሁበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። «አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ቀስተ ደመና ስትለፈልፍ፣ አምፖሉም ሰልችቶት እሺ አለህ!» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና እንደገና አየ።

ባሌ መነጽር ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ፕሮፌሰሩ» ይለዋል፤ ትምህርቱ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ቤታችን ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሌንስ ይፈጫል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ከሁሉም በላይ ያወራል። መነጽር ሊያሠራ የገባ ሰው ሳይማር አይወጣም። ወፍራም ሌንስ መስኮቱ ላይ ይይዝና ቀለሞቹ ግድግዳው ላይ ሲወድቁ ያሳየዋል።

«ብርሃን ነጭ ይመስልሃል አይደል? ተሸውደሃል! መስታወት ውስጥ ሲገባ ይጎብጣል። ቀዩ ትንሽ፣ ሐምራዊው ብዙ፤ አብረው መሄድ ያቅታቸውና ይለያያሉ። የዝናብ ጠብታም ያው ናት። ብርሃኑ ይገባል፣ ከጠብታዋ ጀርባ ተላትሞ ይመለሳል፣ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይጎብጣል።» ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፦ «ፀሐይን ከጀርባህ ካላደረግህ ግን ቀስተ ደመናን አታያትም!»

እንግዲህ አስቡት። አምፖሉ ከፊቱ ነው፣ ቀለበቱም ከፊቱ። ራሱ ባወጣው ሕግ ይህ ቀስተ ደመና ሊሆን አይችልም። ነገሩ ከንክኖታል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሌንስ ሲፈጭ የኖረ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው ሌንሱ ላይ ነው። ለራሱ አዲስ ሌንስ ፈጨ። ቀለበቱ አልጠፋም። ሌላ ፈጨ፣ ከዚያም ሌላ። አራት መነጽር!

ከቅንድቡ በላይ ራሱን ያመው ጀመር። በጎኑ ያለውን ብርጭቆ በክርኑ እየመታ ይጥላል፣ ደረጃውን ይስታል። ልቤ ፈራ። «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብለው፣ «የሰፈሩን ዓይን የማየው እኔ፤ የኔን ማን ሊያይልኝ ነው?» ብሎ ይቀልዳል። እኔም አልገፋሁበትም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ለሰው ስመክርበት ኖሬ፣ ለገዛ ባሌ ጊዜ ጠፋኝ።

አንድ ደመናማ ጠዋት ቁርስ ላድርስለት ወረድኩ። አምፖሉን አብርቶ ሥሩ ቆሟል። አራቱም መነጽሮች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ዓይኑ ላይ ምንም የለም። ድምፁ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሌንሱ አይደለም» አለኝ። «እኔ ነኝ።»

የመጨረሻዋ ልጃችን የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ግፊት እንደበዛ፣ ከፊት ያለው መስታወት መሳዩ ክፍል ውሃ እንደቋጠረ፣ የአምፖሉ ብርሃን እዚያ ውስጥ እየተለያየ ቀለበት እንደሠራ ነገረችን።

«ቀለበቱ ማስጠንቀቂያ ነበር» አለች። «የሄደው የዓይን ብርሃን አይመለስም። የቀረውን ለማትረፍ እንሞክራለን። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«የዛሬ አምስት ወር» አልኳት እኔ። ቀኑን እንዴት እንዳስታወስኩት አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ የዓይን ጠብታውን የምጨምርለት እኔ ነኝ። ሕክምናው ሕመሙን ወሰደለት፤ ዓይኑን ግን እንዳሰብነው አላተረፈውም። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት ዘንቦ አባራና ፀሐይ ወጣች። መንገዱ ላይ ጩኸት ሆነ፦ «ፕሮፌሰር፣ ውጣ! ቀስተ ደመና!»

ልጃችን ክንዱን ይዛ ከላይ ቤት ደረጃውን አውርዳ አወጣችው። ለመውጣት ጊዜ ወሰደበት። ፀሐይዋ የት እንዳለች አልጠየቀም፤ ማጅራቱ ላይ ሙቀቷ እስኪሰማው ዞረና ቆመ። ጣቱን ቀሰረ።

«ይኸው! ቀዩ ከላይ፣ ሐምራዊው ከታች። አላልኳችሁም?»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ግራጫ ነበር። ቀስተ ደመናው እሱ ደረጃውን ሲወርድ ጠፍቷል። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ልጄ እኔን አየችኝ።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩት። «እንዴት ያምራል!»