አባ አይጤና የእህቱ እርድ

በምርምር ተቋሙ ሁሉም «አባ አይጤ» ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሙከራ የሚረቡትን አይጦች ሳጥን ሲያጥብ፣ የሞተውን ሲያወጣ የኖረ ሰው ምን ይበሉት ታዲያ! ተመራማሪዋ ከእርድ ቅመም ያወጣችውን መድኃኒት በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ውስጥ አሽጋ ስትወጋቸው፣ ጀርባቸው ላይ ባቄላ ያክል የነበረው የካንሰር እጢ ምስር ሲያክል መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

እናም ታናሽ እህቱ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ሐኪሞቹ «ቶሎ ቀዶ ሕክምና» ሲሉ፣ ፈውሱን በዓይኑ ያየ ሰው ምን ያስጨንቀዋል! «ማንም በቢላ አይነካሽም፤ ነገሩን ለእኔ ተይው» አላት። ተወችለት።

እርድ አስፈጭቶ፣ ጠዋትና ማታ በሞቀ ወተት እየበጠበጠ ሦስት ወር አጠጣት። እሷም ፊቷን አጨማዳ እየጨለጠች «ወንድም ጋሼ፣ ጭራ ባበቅል ተጠያቂው አንተ ነህ» ትለው ነበር። እብጠቱ ግን ወደ ብብቷ ዘለቀ። ቀልዱም ቀረ።

ተመራማሪዋን ሳይጠይቅ የቆየው አፍሮ ነው ይላል። ምን ማፈር፣ ኩራት ነው እንጂ! ጭንቁ ሲጠናበት አንድ ቀን ሳጥን እያጠበ፣ እንደ ዋዛ «ዶክተር፣ እርዱን ሰው እንዲሁ ቢጠጣውስ?» አላት።

«ተጠጥቶማ እጢው ጋ መች ይደርሳል? አብዛኛው ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ያለፈውን ደግሞ ጉበት ያጠፋዋል። ቅንጣቶቹን የሠራናቸው ተሸክመው እንዲያደርሱት አይደል? የእኛ ደግሞ ገና ለሰው አልተሞከረም» አለችው። ቀጥላም «ለማነጻጸር ብለን የታችኛው መደርደሪያ አይጦችን እርዱን እንዲሁ አጠጥተናቸው ነበር እኮ። አንድም አልተረፈም። አንተው አይደለህ ያወጣሃቸው?» አለችው።

አዎ፣ እሱው ነው። በላስቲክ ቋጥሮ ሲያወጣቸው ምን ተሰጥቷቸው ነበር ብሎ አልጠየቀም።

ብሩሹን ጥሎ ወጣ። በማግስቱ እህቱን ይዞ ሆስፒታል ሄደ፤ ምርመራው ሳምንት ፈጀ። ቀዶ ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው።

«ካንሰሩ ጉበቷ ውስጥ ገብቷል። አሁን ቀዶ ሕክምና አይረዳትም» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?»

አባ አይጤ አፉን ከፈተ። እህቱ ግን ቀደመችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዶክተር። ቢላ ፈርቼ ነው። ወንድም ጋሼማ ሂጂ፣ ሂጂ እያለ ሲለምነኝ ነው የከረመው።»

ሐኪሙ ዞሮ «አይዞህ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል» አለው። ወይ ነዶ! እሱም ዝም አለ።