«ያኑርሽ»

ግቢዬ ውስጥ የተከራዩ ባልና ሚስት ሊለያዩ ነው። ባልየው ጉባ ግድቡ ላይ ሲሠራ የቆየ ልጅ ነው። ትናንት መጥቶ፣ «አባባ፣ ሌላ ቤት እስክናገኝ ክፍሉን በቀርከሃ ለሁለት ይክፈሉልን» አለኝ።

«ልጄ፣ ባዶውን ጓዳዬን አንዳችሁ ግቡበት። ግድግዳ ግን አልሠራም» አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ግድግዳ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። አባቴ ሞቶ ይህን የአሶሳ ቤት ስወርስ፣ አከራይነት ሹመት መስሎኝ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሼ እውል ነበር። ተከራዮቼ ሰይድና ሃዋ ይባላሉ። ሰይድ የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሃዋ ከመንጌ ወረዳ የመጣች የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ስታስነጥስ ሰይድ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ይማርሽ!» ይላታል። «ያኑርሽ!» ትለዋለች። «ደግሞ ሴት አደረግሽኝ?» ይላል፤ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም ገንፎዋን በባሚያ ወጥ እየዋጥኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ አብሬ እስቃለሁ።

ማንጎ በሚረግፍበት፣ ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን ተጣሉ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም ያለ አመሌ አልጠየቅሁም። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም፤ ተፋቱ። ሰይድ መጥቶ «እኔ አልወጣም» አለ። ሃዋም መጥታ «እኔ አይወጣም» አለች።

ብልሁ አከራይ ቀርከሃ ሰንጥቄ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት። ቀርከሃ ድምፅ አይከለክልም፤ እየተሰማሙ ይስማማሉ ብዬ ነው።

ዝም ተባብለው ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ጋብ ሲል፣ በረንዳ ላይ ማንጎ እየመጠጥኩ ሳለ ሃዋ አስነጠሰች። የቀርከሃዬ ብናኝ ነው። ከወዲያ የሰይድ ስፌት መኪና ቆመ።

«ይማርሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሃዋም «ያኑርህ» አለች።

መለሰችለት! በደስታ የማንጎውን ፍሬ ልውጠው ምንም አልቀረኝ። መኪናው ግን ዳግም አልተሰማም።

በነጋታው ሰይድ መኪናውን ተሸክሞ ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ምነው? ትናንት እኮ መለሰችልህ!»

«አልሰማሃትም? ያኑርህ ነው ያለችኝ» አለኝ። «አማርኛዋ ተስተካከለ።»

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እንኳ ሳያወልቅ ሄደ።

ሃዋም አልቆየችም። «ቤት ሰፋች፤ እኔ አይችልም» ብላኝ ወደ ዘመዶቿ መንጌ ገባች። ግድግዳውን ያፈረስኩት እኔው ነኝ፤ እያስነጠስኩ። ይማርህ የሚለኝ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ስጠርግ አስነጠሰኝ። ባል ከክፍሉ፣ ሚስት ከቧንቧው ሥር፣ እኩል «ይማርዎት አባባ!» አሉ። ተያዩ፤ ወዲያው አቀረቀሩ።

«ያኑራችሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አብረው ለሚኖሩ ነው የሚባለው። «ያኑርህ»፣ «ያኑርሽ» ብዬ ለየብቻ እንዳልመልስ ደግሞ ምላሴ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ማስነጠስ እንደመጣበት ሰው አፍንጫዬን ይዤ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ቆምኩ።