ለሃምዳ የሚያልቅ ጨዋታ

አለምብርሃን መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ ያመለጠች ብሎን ነጭ ላይ አትደበቅም። ታብሌቱን በፊቱ ደፍታ የጀርባውን ጠርዝ በብሎወር ታሞቃለች፤ ሸሚዝ እንደሚተኩስ ሰው ወዲያና ወዲህ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትቆም። ሙጫው መላላቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታውቃለች። ያኔ ቀጭን የጊታር መምቻ በስንጥቁ ታስገባና ጠርዙን ይዛ ትዞራለች። ክዳኑ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ትነቅላለች። ቀጥሎ ካቻቪቴ፤ ሰባት ብሎን፤ በወጡበት ተራ ጨርቁ ላይ ይሰለፋሉ። በመጨረሻ ስፒከሩን በወረንጦ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ሻይ ነው፤» አለች። «ያውም ስኳር የበዛበት።»

«ሃምዳ ናት፤» አለች የታብሌቱ ባለቤት ራሕማ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ። «ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ላም ጠምቷታል ብላ አጠጣቻት።»

የአራት ዓመት ተኩል ልጇ ሃምዳ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የላሟን መጨረሻ ለማወቅ ወደ ጨርቁ ተንጠራራች።

የአለምብርሃን ሱቅ መጋላ ገበያ ውስጥ ከቅመም ሻጩ ከዐብዱላሂ ጎን ናት። አያቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ ሞባይል ስትጠግን። አንድ ነገሩ የጎደለ ዕቃ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ትኮራለች።

«ስፒከሩ ተቃጥሏል። ሌላው ቅዳሜ ነው የሚደርስልኝ፤» አለች።

«አቦ አለሜ፣ ድምፁ ይቆይ። የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። እትዬ በለጠች እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል። ልጅቷ ጩኸቷን ካልተወች ሌላ ሰው ፈልጊ ብለውኛል። ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ? ሥራዬን ነው የማጣው፣ ወላሂ።»

ራሕማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ፈረቃ ላይ ስትሆን ሃምዳን የሚይዙላት ጎረቤቷ እትዬ በለጠች ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሚወዱ፣ ግን ራስ ምታት ያለባቸው ሴት። ታብሌቱ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ሲቀሟት ደግሞ ሃምዳ ሰፈር እስኪሰበሰብ ትጮሃለች።

«እና ጌም ምረጪልኝ፤» አለች ራሕማ። «ዝም የሚያሰኛት።»

«ዝም የሚያሰኛት ነው ወይስ የሚሆናት?»

«ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?»

አለምብርሃን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ልጆች የሰበሩትን ስክሪን በመቶ የሚቆጠር ቀይራለች፤ ሲሰብሩት ምን እየተጫወቱ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። ኮምፒውተሯ ላይ «የልጆች» የሚል ፎልደር አለ። ወላጅ ሲመጣ ጠቅልላ ትጭናለች፤ አለቀ። አሁን ግን ነገሩ ከነከናት። ሐሙስ ነበር፤ የከሰዓቱ ሙቀት ሰዉን ወደየቤቱ አስገብቶታል፤ ደንበኛ የለም። የሱቁን አሮጌ ስልክ አወጣችና ሃምዳን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት።

የመጀመሪያው ጨዋታ በአማርኛ የሚናገር ነው። አለምብርሃን ይሄኛው ላይ ተስፋ ጥላለች፤ ሃምዳ ቤቷ ሶማልኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ ስለምትሰማ አማርኛዋን ያጠናላታል ብላለች። «ቀዩን ኳስ ንኩ፤» አለ ስልኩ። ሃምዳ ሰማያዊውን ነካች። ስልኩ እንደ ዳክዬ ጮኸ። «ቀዩን ኳስ ንኩ።» አረንጓዴውን ነካች። ዳክዬ።

«ቀለም አታውቅም ማለት ነው፤» አለች ራሕማ፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ።

አለምብርሃን ከመሳቢያዋ የሽቦ ቁርጥራጮች ዘረገፈች። «ቀዩ የቱ ነው ሃምዳ?»

ሃምዳ ቀዩን አንስታ ሰጠቻት።

«ታዲያ እዚህ ላይ ለምን ተሳሳትሽ?»

«ቀዩ 'ጎበዝ' ብቻ ነው የሚለው፤» አለች ሃምዳ፣ እንዴት አልገባሽም በሚል ፊት። «ይሄኛው ግን ያስቃል።»

አለምብርሃን ሳቋ አመለጣት። የቤት ኪራይ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈች፦ ስሕተቱ ከልኩ ይበልጥ የሚያስቅ፣ ይቅር።

ሁለተኛው ፊኛ ማፍረጥ ነው። ፊኛው አያልቅም፤ አንዱ ሲፈርጥ ሦስት ይመጣል። በመሃል ስክሪኑ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ዘለለ፤ ሃምዳ ፊኛ መስሏት እሱንም ነካችው። አለምብርሃን ስልኩን ቀማቻት። የዚያን ጊዜ የመጣው ጩኸት!

ዐብዱላሂ የበርበሬ ማንኪያውን እንደያዘ ብቅ አለ። «አለምብርሃን፣ ሰውም መጠገን ጀመርሽ?»

«ዞር በል አቦ! ጥናት ላይ ነኝ።»

«ጥናቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማል።»

እውነትም ጥናት ሆነ። አለምብርሃን የመጣላት ሐሳብ ይሄ ነው፦ ልጅቷን ያስጮኻት የስልኩ መወሰድ ነው ወይስ የጨዋታው መቆረጥ? ለማወቅ የሚያልቅ ጨዋታ ያስፈልጋል። ፎልደሩን ፈተሸች። አርባ ሦስት ጨዋታ አለ፤ የሚያልቁት ሁለት ብቻ! ሌሎቹ «ቀጥል፣ ቀጥል» ነው። ከሁለቱ አንዱ ፊደል ማንበብ ይጠይቃል። የቀረው አንድ ተራ ነገር ነው፦ ስድስት እንስሳት፣ ስድስት ጥላዎች፤ እያንዳንዱን በጣት ጎትቶ ጥላው ላይ ማሳረፍ። የተሳሳተው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አይስቅም፣ አይቆጣም። ስድስቱ ሲሞሉ እንስሳቱ ይተኛሉ፣ ስክሪኑም ይደበዝዛል።

ሃምዳ ግመሉን ጎተተች፤ ፍየሏን፤ አህያው ሁለት ጊዜ ተመለሰባት። ስድስተኛው ሲገባ እጇን አነሳች። ከዚያም ቀና ብላ መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ አለምብርሃንን አየች።

አለምብርሃን እጇን ዘረጋች። ሃምዳ ስልኩን ሰጠቻት።

«አልጮኸችም!» አለች ራሕማ በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልክ አይሆንም።» ከመጀመሪያው ጋር አራት ጊዜ አስጫወተቻት። በሦስተኛው መሃል ላይ ሆን ብላ ቀማቻት፤ ጩኸቱ መጣ። በአራተኛው አስጨርሳ ተቀበለቻት፤ ጸጥ። ነገሩ ለየለት። የባትሪውን ገመድ መልሳ ሰክታ ታብሌቱ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጋ ይሄን አንዱን ብቻ ጫነች፣ ኢንተርኔቱን ዘጋች፣ ሰባቱን ብሎኖች መልሳ አሰረች። ድምፁን ግን ቅዳሜ እጨምራለሁ ብላ ላከቻቸው።

ቅዳሜ ስፒከሩ ደረሰ። ያልጨረሰችው ሥራ ስላስጨነቃት ብሎወሯን፣ ወረንጦና ካቻቪቴዋን ቦርሳ ውስጥ ከትታ በባጃጅ ራሷ ወደ እነ ራሕማ ሰፈር ሄደች። ራሕማ ፈረቃ ላይ ነበረች። እትዬ በለጠች ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ከሃምዳ ጋር ታብሌቱ ላይ አቀርቅረዋል።

«ጌል!» ትላለች ሃምዳ በሶማልኛ።

«ግመል በይ፣ የኔ እናት።»

«ጌል!»

«እሺ፣ ጌል። ግመል ጌል። አሁን የኔ ተራ ነው፣ እጅሽን አንሺ!» አሉና አህያውን ጎተቱ፤ ወደ በሬው ጥላ። አህያው ተመለሰ።

«ደሜር እዚያ አይተኛም!» ሃምዳ በሳቅ ወደቀች፤ ከዚያ እንደ አህያ ጮኸችላቸው። እትዬ በለጠችም መለሱላት፤ ሰው ያየኛል ሳይሉ።

ስድስቱ አለቁ። ሃምዳ ታብሌቱን ምንጣፉ ላይ ትታ የጎረቤት ፍየል ፍለጋ ሮጠች።

አለምብርሃን ስፒከሩን ከኪሷ አወጣች። «እትዬ በለጠች፣ ድምፁን ልጨምር ነው የመጣሁት። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

«ምን? አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሻለሁ? ገና አሁን ራሴ ዐርፎ!»

«ግን ጎዶሎ ዕቃ ነው እኮ። እኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።»

«እንግዲያስ ዛሬ ልመጂ።»

አለምብርሃን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስፒከሩ መዳፏ ላይ ነው፤ አዲስ፣ የሚሠራ። ጨዋታው ድምፅ ቢኖረው የግመሉን ስም እሱ ራሱ ይናገር ነበር፤ ያኔ ሃምዳ ጌል የምትለው ለማን ይሆን ነበር? ይሄን ዓይነት ጥያቄ ቴክኒክና ሙያ አላስተማሯትም። ስፒከሩን ወደ ኪሷ መለሰችው።

ራሕማ ከፈረቃ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «እትዬ፣ ሰኞስ?»

«ሰኞ ቻርጅ አድርገሽ አምጪያት።»

«ልጅቷን ነው ታብሌቷን?»

«ሁለቱንም! ለመሆኑ ያ ስድስተኛው ምንድን ነው? ጅብ ነው ቀበሮ? ከጠዋት ጀምሮ እየተከራከርን ነው።»

ከዚያ ወዲህ አለምብርሃን ጠቅልላ መጫን ትታለች። «ጫኝልኝ» የሚል ወላጅ ሲመጣ ልጁን ይዞ እንዲመለስ ትጠይቃለች፤ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያመጣል። እስካሁን ፈትሻ ያለፉላት ጨዋታዎች አራት ናቸው፤ ለመጋላ ልጆች አራት አይበቃም። ስለዚህ ይሄን ለሚያነብ ሰው እንዲህ ብላ ልካለች፦

«ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ ጨዋታውን እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁን ሳይሆን ዓይኑን እዩልኝ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ፊታችሁን ካየ፣ እባካችሁ የጨዋታውን ስም ይዛችሁልኝ ኑ።»